የሊቀ ተማሪ አልሲድ ጊድሪ ሦስት ዙር

ጃዝ የሚያስተምር የማኅበረሰብ ኮሌጅ ሁሉ አንድ የማይመረቅ ሰው አለው። የሌለው ኮሌጅ ካያችሁ ወይ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ሰውየው ለምሳ ወጥቷል። አስተማሪ ይመጣል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ፒያኖው ይሰበራል፣ ሌላ ይገዛል፤ እሱ ግን ትምህርት በተከፈተ ቁጥር የራሱን ትራስ ወንበሩ ላይ አንጥፎ መሣሪያውን ሲወለውል ታገኙታላችሁ። ዕድሜው ከስድሳ አምስት አያንስም። ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት አለው። ትምህርት እንዴት ነው ብትሉት "ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ" ይላችኋል። መጀመሪያው ላይ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

እኛ ኦክላንድ የነበሩን ክቡር ሊቀ ተማሪ ሚስተር አልሲድ ጊድሪ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አልጠየቁም። ስለሳቸው ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ግን ወሬው መጨረሻ ላይ የት እንደሚያደርሰኝ ስለማውቅ ጆሮዬ ቀድሞ ይግላል። ያደረግሁባቸውን ነገር እስከዛሬ ለማንም አልጻፍኩም። ዛሬ እጽፈዋለሁ። እንደ ፈሪ ሰው ግን መጀመሪያ ትንሽ ልሳቅባቸው።

ሚስተር ጊድሪ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ትሮምቦን የሚነፉ ሰው ናቸው። ትሮምቦኑን የሚነፉት አውቶብሱን በነዱበት አኳኋን ነው። ፌርማታ ሁሉ ላይ ይቆማሉ፣ ማንንም ጥለው አይሄዱም፣ ሰዓቱ ቢያልፍ ግድ የላቸውም። ትሮምቦን ደግሞ ወደፊት እየተገፋ የሚረዝም ዕቃ ነው። እኔ ሳክስፎን ነፊ ስለሆንኩ ቦታዬ ከፊታቸው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያ ዕቃ ጫፍ ማጅራቴን ሲኮረኩመኝ ኖረ። ተናድጄ ዞር ስል ፈገግ ይሉና፣

"ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ዝቅ ያለች ድምፅ ፈልጌ ነው፤ ካንቺ ፀጉር ወዲያ ነው ያለችው" ይሉኛል።

በኮሌጁ ሕግ አንድን ትምህርት ከአራት ጊዜ በላይ መውሰድ አይቻልም። ሕጉ የወጣው በሳቸው ምክንያት ነው እያልን እናማቸው ነበር። በምዝገባ ቀን በሩ ሳይከፈት ከሁሉ ቀድመው፣ የኮሌጁ ስም በትልልቁ የተጻፈበት ጃኬታቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሚስስ ቶሌንቲኖ ናት፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ሰውን ከላይ እስከ ታች የምታይ፣ ሕግ አክባሪ የፊሊፒንስ ሴት።

"ሚስተር ጊድሪ፣ ይሄን ትምህርት አራት ጊዜ ወስደውታል።"

"አውቃለሁ እመቤቴ።"

"አራቱንም ጊዜ አልፈዋል።"

"እሱ የአስተማሪው ጥፋት ነው። እኔ ገና አልገባኝም።"

ትልቁን ባንድ አራት ጊዜ ጨረሱ። ትንሹን ባንድ አራት ጊዜ ጨረሱ። የላቲን አሜሪካውን ሙዚቃም እንደዚሁ አሟጠጡት። አንድ ሰሞን ምንም ያልወሰዱት ሲጠፋ መዘምራን ክፍል ተመዘገቡና ትሮምቦናቸውን ታቅፈው ከሴቶቹ ኋላ ቆሙ። የመዘምራኑ አስተማሪ "ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የድምፅ ክፍል ነው" ቢላቸው "ታዲያ ይሄ የሚያወጣው ምንድነው፣ ሽታ ነው?" አሉት። ያን ዓመት የገናው ዝግጅት ላይ መዘምራኑ ከትሮምቦን ጋር ዘመሩ። ሚስስ ቶሌንቲኖ በየዓመቱ "ይሄ የመጨረሻው ነው" ትላለች፤ በየዓመቱ ደግሞ አንዲት ጥግ ውስጥ የተረሳች ኮርስ ፈልጋ ታገኝላቸዋለች።

አስተማሪያችን ካስቲዮ ራሱ ተማሪ በነበረ ጊዜ ከሚስተር ጊድሪ ጋር አንድ ክፍል ነበር የተማረው። ስለዚህ ሊቆጣቸው ሲል ድምፁ ይሰበራል።

"ሚስተር ጊድሪ፣ ይሄ ኮርድ ሲመጣ የትኛውን ስኬል ነው የሚጫወቱት?"

"ያሻኝን እጫወትና ከዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"ፈተና ላይ እንደሱ ብለው ይጽፋሉ?"

"አንተስ ያኔ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ከኔ ስትገለብጥ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?"

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ካስቲዮ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የተጻፈውን ያጠፋል፤ ያልተጻፈውንም ያጠፋል።

ዋናው ጉዳቸው ግን ብቻቸውን ሲጫወቱ ነው። ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ አንድ ዘፈን ከመነሻው ተነስቶ መጨረሻው ሲደርስ አንድ ዙር ይባላል። በጃዝ አንዱ በተራው ከልቡ እያወጣ ሲጫወት ያው ዘፈን ከሥሩ ደግሞ ደጋግሞ ይዞራል። ጨዋ ሰው አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ተጫውቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ሊቀ ተማሪ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይገቡና ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ለከበሮ መቺው ጣታቸውን ያነሳሉ። "አንድ ዙር ጨምሩልኝ!" ከዚያ ሌላ ጣት። ቦይድ የሚባለው ከበሮ መቺያችን አንዴ በቀኝ እጁ እየመታ በግራው ሙሉ ሳንድዊች በልቶ ጨርሷል። እኔ የቆጠርኩት ትልቁ አሥራ አንድ ዙር ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

አንድ ቀን መሣሪያ ስንሰበስብ ጠየቅኋቸው። "ሚስተር ጊድሪ፣ በአንድ ዙር የማይሉት ምን አለ?"

ትሮምቦናቸውን እየፈቱ፣ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። "የመጀመሪያውን ዙር እፈራለሁ። በሁለተኛው እፈልጋለሁ። በሦስተኛው አገኛለሁ።"

"ከሦስተኛው በኋላ ያለውስ?"

"እሱ ስግብግብነት ነው። አልዋሽሽም።"

እውነቱን ልናገር? ያገኙት ነበር። ሁሌም አይደለም፤ ግን ሲያገኙት ሦስተኛው ዙር ላይ አንዲት ጭምት ዜማ ትመጣለች፣ ሰው በሆዱ ይዞት የኖረውን ነገር ቀስ ብሎ ለወዳጁ እንደሚያጫውት ዓይነት። ያን ጊዜ ቦይድም ሳንድዊቹን ያስቀምጣል። ይሄን ያኔም አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

አሁን ስለራሴ ልናገር። እኔ ቬርኔታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በዚያ ኮሌጅ አፍር ነበር። ዘመዶቼ የት ትማሪያለሽ ሲሉኝ "ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሙዚቃ" እልና ዝም እላለሁ፤ ማዶ ያለው ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መስሏቸው ይመርቁኛል። የኮሌጁን ስም የያዘውን ቦርሳ ገልብጬ ነበር የማንጠለጥለው። ማንም ሰው በነፃ ለመባል ምንም ባልቀረው ክፍያ የሚገባበት ቦታ፣ ጃዝ ደግሞ፣ ያውም ከጡረተኛ ጋር! ሁለት ዓመት ችዬ አራት ዓመት ወዳለው ትምህርት ቤት መዛወር ነበር ሐሳቤ። ሚስተር ጊድሪ ግን አውቶብስ ውስጥ ሲያገኙኝ ከፊት ሆነው ይጣራሉ። ሾፌሮቹ ሁሉ የድሮ ባልደረቦቻቸው ስለሆኑ ዝም የሚያሰኛቸው የለም።

"ቬርኔታ! የትምህርት ቤት ጓደኛዬ! የቤት ሥራሽን ሠራሽ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንድ ቀን አብራኝ የአክስቴ ልጅ ነበረች። "ይሄ ሽማግሌ አንቺን ነው?" አለችኝ። "እኔ አላውቃቸውም፤ ከሰው ጋር አምታተውኝ ይሆናል" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሰምተውኛል። በሚቀጥለው ቀን ክፍል ውስጥ ስለዚያ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቤታቸው ሠርተው ካመጡት ቀይ ባቄላና ሩዝ እንደወትሮው በሳህን ክዳን ጨልፈው ሰጡኝ። እኔም በላሁ። በደንብ ነው የበላሁት።

የሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ሚስተር ጊድሪ ጃኬታቸውን ሳይለብሱ መጡ። እንደሱ ሆነው አይቻቸው ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ሳክራሜንቶ የምትኖር ነርስ ልጅ አለቻቸው፣ ኦዴት ትባላለች። አባቷ ብቻቸውን፣ ያውም አሥራ አራት ደረጃ ያለው ቤት ውስጥ መኖራቸው ያሳስባታል። በደወለች ቁጥር "ክፍል ውስጥ ነኝ" ይሏታል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ አንድ ትምህርት ሃያ ዓመት ሲማር ምን ትበል? ብቸኝነት አናቱ ላይ ወጥቶ ነው ብላለች። ቤቱ ተሽጦ እሷ ዘንድ እንዲገቡ ወስናለች።

"ኮንሰርታችን ላይ ነይና ስሚኝ አልኳት" አሉኝ። "ሃያ ዓመት አንድ ቀን መጥታ ሰምታኝ አታውቅም። ለዚህ ሲባል ብቻውን ቢኖር ይገባዋል የምትይው ነገር ከሰማሽ ተዪኝ፤ ካልሰማሽ በሰኔ ጓዜን ጠቅልዪ አልኳት። እሺ ብላኛለች።"

ካስቲዮ ለኮንሰርቱ የአምስት ሰዎቹን ትንሽ ባንድ እንድመራ ሾሞኝ ነበር። ማን ስንት ዙር እንደሚጫወት የምወስነው እኔ ነኝ ማለት ነው። ሚስተር ጊድሪ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊቴ ቆሙ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ እኔ ሃያ አንድ።

"አሥራ አንድ አልልሽም። ስግብግብነቱን እተዋለሁ። ሦስት ዙር ስጪኝ።"

"ሦስት ዙር የርስዎ ነው ሚስተር ጊድሪ።"

"ቃልሽ?"

"ቃሌ።"

ኮንሰርቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ግማሽ ሞልቷል፤ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ካስቲዮ ከነከረባቱ። ኦዴት አራተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ ልዛወርበት ካመለከትኩበት ትምህርት ቤት የመጣች ሴት አለች፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ። እኔን ልትሰማ ነው የመጣችው። እኔ ቀድሜ ሁለት ዙር ተጫወትኩ። መጥፎ አልነበረም። ሴትየዋ እየጻፈች ነው፣ ራሷን እየነቀነቀች ነው፤ በልቤ ዕቃዬን ሸክፌ ማዶ ተሻግሬያለሁ።

ቀጥሎ ሚስተር ጊድሪ ተነሱ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንገቱ ላይ የማጠፊያው መስመር ገና አልለቀቀም። ፈሩ። እንደነገሩኝ፣ የመጀመሪያውን ዙር ፈሩ። ግን እንደዚያ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ትንፋሻቸው አጠረ፣ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ቆጠራው ጠፋባቸውና ዘፈኑ ሳይደርስ ቀድመው ገቡ። ባንዱ ተንገዳገደ፤ ቦይድ እንደምንም ደግፎ አቆመው። አንድ ሕፃን ሳቀ። ቀና ስል ያቺ ሴትዮ እስክሪብቶዋን ክዳኑን ገጥማ ደብተሯ ላይ አስቀምጣዋለች።

በጃዝ መሪው "በቃ፣ ወደ ዋናው ዜማ እንመለስ፣ እንጨርስ" ለማለት አይናገርም። እጁን አናቱ ላይ ያደርጋል። ይኸው ነው። ያን ያየ ሙዚቀኛ ሁሉ፣ ዓለም ላይ የትም ይሁን የት፣ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ አይመለስም፤ ባንዱ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

እጄን አናቴ ላይ አደረግሁ።

ቦይድ አየኝ። ያልገባው መስሎኝ እንደገና መታ መታ አደረግሁት። ባንዱ ዜማውን አነሳ። ሚስተር ጊድሪ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛውን ዙር ሊጀምሩ አየር ስበው ነበር። ዜማው ሲጀመር ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዞር ብለው አዩኝ፤ እጄ ገና እንደተሰቀለ ነው። የሳቡትን አየር ሳይነፉበት ቀስ ብለው አወጡትና ትሮምቦኑን አወረዱ። ያን የአየር ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይባላል፤ እኔ ግን ያኔ እንደሱ አላልኩም፣ ዜማውን በደንብ ነፋሁ፣ እንዲያውም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እፍረቱ የመጣው በኋላ ነው፣ መጥቶም አልሄደም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያቺ ሴትዮ ጨበጠችኝ። "ጥሩ ነበር" አለችኝ። "የትሮምቦኑ ተራ ግን ለምን ቶሎ ተቋረጠ? መሪዋ አንቺ አይደለሽ?"

አጠገባችን ሚስተር ጊድሪና ኦዴት ቆመዋል። ኦዴትም ፊቷን ወደ አባቷ አዙራ መልሱን እየጠበቀች ነው። ሚስተር ጊድሪ እኔን አዩኝ፣ ሴትየዋን አዩ፣ እጇ ላይ ያለውን ደብተር አዩ።

"እኔ ነኝ ምልክት የሰጠኋት" አሉ። "ደክሞኝ ነበር። አረጀሁ። አይደለም እንዴ ቬርኔታ?"

እኔም ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እጄን አናቴ ላይ ማድረጌ አንድ ነገር ነው፤ ቸኮልኩ፣ ሞኝ ነበርኩ ልበል። ያን መነቅነቅ ግን የትም ላስጠጋው አልቻልኩም።

ኦዴት የአባቷን ክንድ ያዘች። "እሺ አባዬ" አለች፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። "እንግዲህ ነገሩ አለቀ።"

ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ። በሰኔ የሚስተር ጊድሪ ጓዝ ሲጫን ካስቲዮና ቦይድ ሄደው ዕቃ ተሸክመዋል። እኔ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። በሰኔ፣ እዚህ በጋ ሲሆን! ጉንፋን!

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቀዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ብቻዬን ለመጫወት በተነሳሁ ቁጥር ሁለተኛው ዙር ላይ ትንፋሼ ያጥረኝ ነበር። አስተማሪዎቼ ሳንባ ነው አሉ፤ የሳንባ መልመጃ ሰጡኝ፤ ሠራሁት።

ተመርቄ ኦክላንድ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ዓሣ ልገዛ ተሰልፌ ሚስስ ቶሌንቲኖን አገኘኋት። መነጽሯ እዚያው አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ተመረቅሽ አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ። ያ ሽማግሌ መቼ ነው የሚመለሰው?"

"እኔ... አላውቅም።"

"አዲስ ኮርስ ተከፍቷል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በስምንት ሰዓት፤ እሳቸው ያልወሰዱት። ስማቸውን ጽፌ ቦታ ይዤላቸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ያዝኩ፣ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። ልጃቸው ጋ ደወልኩ። 'አባቴ ደክሞታል፤ ራሱ ነው ሰው ፊት ደከመኝ ያለው፤ ስለዚህ ያርፋል' አለችኝ። ደረጃ አይወጡም፣ ዕቃ አያነሱም፣ ትሮምቦኑም ቁምሳጥን ላይ ተሰቅሏል።" ዓሣ ሻጩን "ጭንቅላቱን አትቁረጠው" አለችና ወደ እኔ ተመለሰች። "እሳቸው ደክመው ያውቃሉ እንዴ? አንድ ዓመት በምዝገባ ቀን ከንጋቱ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፈው ቆመውልኛል።"

ዓሣውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሳክራሜንቶ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ኦዴት ከነሥራ ልብሷ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ አላወቀችኝም።

"ቬርኔታ ነኝ" አልኩ፣ ደፉ ላይ ቆሜ። "ኮንሰርቱ ላይ ሳክስፎን የተጫወትኩት። አባትዎ አልደከማቸውም ነበር። ያቋረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ዙር እሰጥዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነው አንዱ ላይ ያቆምኳቸው። እሳቸው እኔን ሊያድኑ ዋሹ። እኔም ነቀነቅሁ።"

ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፣ ደክሞታል ከተባለ ሰው የማይጠበቅ ድምፅ።

"ማን ጠየቀሽ?!"

ሚስተር ጊድሪ ሶፋው ላይ ነበሩ። ሐምሌ ነው፣ በዚያ ከተማ ሙቀት አስፋልቱ ይላላል፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸው ድረስ ብርድ ልብስ ተደርጎላቸዋል። አጠገባቸው የሞቀ ወተት አለ። ብርድ ልብሱን ገፈው ተነሱ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ውሸት ስንከባከበው ኖርኩ! ወተት ጠጣሁለት! ወተት እጠላለሁ! አንቺ ደሞ ዛሬ መጥተሽ በአንድ ትንፋሽ ታፈርጪዋለሽ?"

"አባዬ" አለች ኦዴት። "እውነቷን ነው?"

ተቀመጡ። ኮፍያ ያለ ይመስል እጃቸው ራሳቸውን ፈለገ። "ሴትየዋ እዚያው ቆማ ነበር እኮ። እውነቱን ብናገር ልጅቷ ቦታውን ታጣ ነበር።"

"ለሷ ብለህ እኔን ዋሸኸኝ?"

"አንቺ ልጄ ነሽ፣ የትም አትሄጂብኝም። እሷን ግን ያን ቀን ካመለጣት አመለጣት።"

ኦዴት ወደ እኔ ዞረች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ያንን መሣሪያ ይዘሻል?" አለችኝ። መኪና ውስጥ ነው አልኳት። "አምጪው።" እሷ ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ትሮምቦኑን ከቁምሳጥኑ አናት አወረደች፣ አቧራውን በሥራ ልብሷ እጅጌ ጠረገችና አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ሳሎን ውስጥ እኔ ዘፈኑን ከሥር ዝቅ አድርጌ እየያዝኩ እሳቸው ጀመሩ። የመጀመሪያውን ዙር ፈሩ። ሁለተኛውን ፈለጉ፤ ሁለት ዓመት ያልነፋ ከንፈር አልታዘዝ አለ። ሦስተኛው መጣ። እኔ በልቤ ጸሎት ላይ ነኝ። አላገኙትም። ሊደርሱበት ይሉና ድምፁ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይነሳሉ፣ እንደገና ይሰነጠቃል፤ ላባቸው እየተንጠባጠበ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሲያበቁ ልጃቸውን ቀና ብለው ለማየት አፈሩ።

"ዛሬ የለም" አሉ። "ነበረ እኮ። ዛሬ ነው የሌለው።"

ኦዴት ተነስታ መጣች። የነርስ ነገር፣ አንጓቸውን ያዘችና ሰዓቷን እያየች የደም ምታቸውን ቆጠረች። ረጅም ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ እጃቸውን ሳትለቅ፣

"ትምህርቱ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?" አለች።

እሳቸው ትሮምቦናቸውን አቀፉ። "ማክሰኞ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት" አልኩ እኔ።

"ማን ያመላልሰዋል?"

"እኔ።"

እነሆ ያ "እኔ" ከተባለ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። በየማክሰኞው ሳክራሜንቶ ሄጄ ሊቀ ተማሪን ከነትራሳቸው እጭናለሁ፣ ኦክላንድ አደርሳለሁ፣ መልሼ አደርሳለሁ። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር አጠገቡ አስቀምጦ የነዳ ሰው ብቻ ነው ስቃዬን የሚያውቀው። "ምልክት አላበራሽም።" "ቀርበሽዋል።" "አሁን ይሄ መንዳት ነው?" ዳሽቦርዱን በጣታቸው እየደበደቡ ይቆጥራሉ፣ በመስኮት ለሚያልፈው አውቶብስ ሁሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከሌላው ሳምንት ጀምሬ አቆማለሁ እላለሁ፤ ሰኞ ማታ ነዳጅ እሞላለሁ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ገና ከተማውን ሳንወጣ፣ መሪውን ይዤ ይቅርታ መጠየቅ ጀምሬ ነበር። ስለ ኮንሰርቱ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ በአውቶብስ ውስጥ አላውቃቸውም ስላልኩት ሁሉ። ሚስተር ጊድሪ በድንጋጤ አቋረጡኝ።

"ተይ፣ ተይ፣ ተይ! አሁን ይቅር ብልሽ ማን ይወስደኛል?"

ስለዚህ እስከዛሬ ይቅር አላሉኝም። እኔም አልቸኮልኩም።